ናይትሮ መኪናዬ ዴንቨር ከመጣን ወዲህ ጭስ ብቻ ሆነች፣ ሞተሩ አልቆ ነው ወይስ ከፍታው ነው?

አውሮራ_ናይትሮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ናይትሮ የምትነዱ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነገሩን ሳላሳጥር ልጻፈው። ያለችኝ በሪሞት የምትነዳ፣ በናይትሮ ነዳጅ የምትሰራ ትንሽ መኪና ናት፣ 1/8 ባጊ (የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ የምታክል)፣ ሞተሯ 21 የሚባለው 3.5 ሲሲ ነው፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ። ቨርጂኒያ እያለን ምንም ችግር አልነበረባትም፣ ትንሽ ስትስባት ትነሳለች፣ ጋዝ ስትሰጣት ትወረወራለች፣ ልጆቹም እኔም በጣም ነው የምንወዳት። ሰመር ላይ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኮሎራዶ አውሮራ ተዛወርን። ካርብሬተሩን ማንም አልነካውም፣ ነዳጁም ያው በፊት የምጠቀመው ባለ 20 ፐርሰንት ናይትሮ ነው፣ ያውም አዲስ ጋሎን ነው የከፈትኩት።

አሁን ግን ትነሳና ነጭ ጭስ ዝም ብላ ትለቃለች፣ ጋዝ ስሰጣት ታፍናለች፣ ከማርሚታው ዘይት ይንጠባጠባል፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሚኒሞ ላይ እያለች ትጠፋለች። ካንዴላውን ስፈታው እርጥብ ነው። ቴስታታው ላይ በቴምፕ ጋን (በሙቀት መለኪያ) ስለካት 170 ፋራናይት አካባቢ ናት፣ ቨርጂኒያ 230 ላይ ነበር የምትሰራው። አንድ ሱቅ ወስጄ ሳሳያቸው ሰውየው ገመዱን ሁለቴ ስቦ ፒስተኑና ስሊቩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) አልቋል ቀይረው አለኝ፣ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም።

እውነት አልቆ ነው? ከፍታው እንዲህ ሊያረጋት ይችላል? ኒድሉን (ካርብሬተሩ ላይ ነዳጁን የሚቆጣጠረውን ብሎን) ልንካው ብል ስንት ዙር ነው የሚዘጋው? ቁጥሩን ንገሩኝ በቃ። ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ይህችን መኪና በቪዲዮ ካየ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፣ ገና ላይ ስሄድ ይዤለት ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ፣ ነዳጁስ እንዴት ይሆናል?


ፖቶማክ_ባጊ፦

ወንድሜ ፒስተን ምናምን ብለህ ምንም ብር እንዳታወጣ። አንተ የጻፍከው ነገር በሙሉ፣ ጭሱ፣ እርጥብ ካንዴላው፣ 170 ዲግሪው፣ ሚኒሞ ላይ መጥፋቱ፣ ነዳጅ በዝቶባታል ማለት ነው። ቨርጂኒያ ባህር ወለል አካባቢ ነበርክ፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አውሮራም ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ ከ17 እስከ 18 ፐርሰንት ያንሳል። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ሳሳ፣ ካርብሬተርህ ግን አሁንም የቨርጂኒያን ነዳጅ ነው የሚሰጠው። ትልቋ መኪናህ ኮምፒውተር ስላላት ራሷ አስተካክላ ነው ተራራውን የምትወጣው፣ ይቺ ግን ያለችው ያንተ ካቻቢቴ ብቻ ነው።

ፒስተኑ ማለቁን ራስህ አሁኑኑ ማየት ትችላለህ። ሞተሩ ድብን ብሎ ቀዝቅዞ እያለ ካንዴላውን ፍታና ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ጨምድዶ የሚይዝህ ከሆነ ጤነኛ ነው። ስሊቩ ከነሐስ ተሰርቶ ውስጡ ክሮም የተቀባ ነው፣ ላይኛው ጫፉ ሆን ተብሎ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ሲሞቅ ይሰፋና ከአሉሚኒየሙ ፒስተን ጋር ልክ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሆኖ ምንም ሳይዝህ እየተንሸራተተ ካለፈ ያኔ ስለመቀየር እናወራለን። በገመድ ሁለቴ ስቦ አልቋል ማለት አይቻልም፣ ነዳጅ የሞላው ሞተር ሲሳብ የሚሰማው ነገር ሁሉ የተሳሳተ ነው።

ስንት ዙር ልዝጋ ላልከው ቁጥር አልሰጥህም፣ ቁጥር የሚሰጥህንም ሰው አትስማው። የኔ ሞተር ላይ 3 ዙር የሆነው ያንተ ላይ 4 ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንኳ ጠዋት ያስተካከልኩት ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ ይለወጣል። ሞተሩ ራሱ ነው የሚነግርህ፣ እንዴት እንደሚነበብ ግን ልንገርህ።

መጀመሪያ ኒድል ሳትነካ ካንዴላውን አዲስ አርገው። ለወራት እንደዛ እርጥብ ሆኖ የሰራ ካንዴላ ሽቦው ደክሞ ይሆናል፣ የደከመ ካንዴላ ይዘህ ካርብሬተር ብታስተካክል የምታሳድደው ጥላ ነው። ሽቦው የፕላቲነም ነው፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪ የማያስፈልገው ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ በኬሚካል ስለሚያግለው ነው። ሽቦው ሲበላሽ ያ ነገር ይደክማል። ኢግናይተርህም (ስታስነሳ ካንዴላውን የሚያግለው ባትሪ) ቻርጅ መሆኑን እይ። የተጠራቀመውን ነዳጅ ለማስወጣት ካንዴላውን ፈተህ መኪናዋን ገልብጠህ ገመዱን ስትስብ በቀዳዳው ተረጭቶ ይወጣል፣ ፊትህን ራቅ አርግ። ጠንክሮ የያዘህን ገመድ ግን በጉልበት አትሳበው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይታጠፋል።

ከዛ መኪናዋን አስነስተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየነዳህ አሙቃት፣ ቆማ አይደለም እየሄደች። ነዳጁ የሚገባበት ጋ ያለው ትልቁ ኒድል የከፍተኛ ፍጥነቱ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞረው ይዘጋል፣ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ዝጋ። ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሙሉ ጋዝ ስጣት፣ አየት አርገህ ስማት፣ መልሰህ ለካት። እንደገና አንድ ስምንተኛ። ድምጿ ከተቆራረጠ ወደ ጥርት ያለ ጩኸት እየተለወጠ ይመጣል፣ ኋላዋ ደግሞ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነጭ ቀጭን የጭስ መስመር ሊታይህ ይገባል። ጭሱ ከጠፋ አቁም፣ መልሰህ ክፈት። ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ነው ያለው፣ ነዳጅ ሲያንሳት ቅባትም ነው የሚያንሳት።

ላይኛው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ወደ ታችኛው ኒድል ሂድ። ሚኒሞ ላይ እያለች የነዳጅ ቱቦውን ካርብሬተሩ አጠገብ በጣትህ ቆንጥጠህ ያዘው። ከ3 እስከ 4 ሴኮንድ ቆይታ ድምጿ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጠፋች ጥሩ ናት። ወዲያው ከጠፋች ነዳጅ አንሷታል፣ ብዙ ቆይታ እየጨመረች እየጨመረች ሄዳ ከጠፋች በዝቶባታል። መጨረሻ ላይ የሚኒሞዋን ብሎን ታስተካክላለህ። ቅደም ተከተሉን አትቀያይረው፣ ሁለት ነገር ባንዴ አትንካ።


አውሮራ_ናይትሮ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ እንዳልከው አረኩ። ፒስተኑ ቀዝቃዛውን ጨምድዶ ነው የያዘኝ፣ እጄን እስኪያመኝ። ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ላይኛውን እየቀነስኩ እየነዳሁ አሁን 215 ደርሳለች፣ ቀጥታው ላይ ድሮ እንደማውቃት ሆናለች ማለት ይቻላል፣ ጭሱም ቀጭን ሆኗል። አንድ ነገር ግን ቀረ። ፈጥና ሄዳ ጋዙን ስለቅ ሚኒሞዋ ቶሎ አይወርድም፣ ለጥቂት ሴኮንድ እየጮኸች ትቆይና ነው የምትረጋው፣ አንዳንዴ ደግሞ በራሷ ከፍ ዝቅ ትላለች። ታችኛውን ብከፍትም ብዘጋም ያው ነው። እና ጉልበቷ ቨርጂኒያ የነበረውን ያህል አይመስለኝም።


ሶማሌ_ተራ፦

ልጄ እኔ የትልቅ መኪናና የሞተር ሳይክል መካኒክ ነኝ፣ ጸጉሬ ጋራዥ ውስጥ ነው የሸበተው፣ የወንድሜ ልጅ እነዚህን ትንንሾቹን ስለሚያመጣልኝ እፈታቸዋለሁ። ያ ጎበዝ የጻፈልህ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው አለ።

ኒድል ነክተህ የማይለወጥ ሚኒሞ የኒድል ችግር አይደለም። አየር በሌላ ቦታ እየገባ ነው። ባለሁለት ስትሮክ ሞተር ነዳጁንና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ታች ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ያለበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ያ ክፍል ድፍን ካልሆነ የምትቆጣጠረው ሞተር የለህም። ካርብሬተሩ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ጋ ያለችውን የጎማ ቀለበት እያት፣ የኋላ ክዳኑን ጓርኒሲዮን እይ፣ የፊተኛው ኩሽኔታ አካባቢ ነዳጅና ዘይት ይዞ አቧራ ከተለጠፈበት እሱም ያስተነፍሳል። ቀላሉ መንገድ ሞተሩን አውጥተህ ማስወጫውንና የካርብሬተሩን የአየር መግቢያ በጎማ ድፈናቸው፣ በነዳጅ መግቢያው ቱቦ አርገህ ንፋና ውሃ ውስጥ ክተተው፣ አረፋ ከየት እንደሚወጣ ዓይንህ ያሳይሃል። ከዛ ግን ዝም ብለህ አትተወው፣ በደንብ አድርቀህ ዘይት ስጠው፣ ኩሽኔታዎቹ ውሃ አይወዱም። የነዳጅ ማጠራቀሚያውንም እንደዛው አርግ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ጎማ ከደረቀች ከማርሚታው የሚመጣው ግፊት እዚያ ያመልጥና ነዳጁ አንዴ ይበዛል አንዴ ያንሳል። ብዙ ሰው ሞተር አበላሸሁ ብሎ የሚያለቅሰው ለአንድ ለሚጣል ቱቦ ነው፣ ቱቦዎቹ ደርቀው ከሆነ ሁሉንም ቀይራቸው።

ከፍታውን በተመለከተ እኛ እዚህ የኖርንበት ነገር ነው። ድሬዳዋ ላይ ካርብሬተሩ ተስተካክሎ በደንብ ሲሰራ የነበረ ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ሲመጣ ጥቁር ጭስ ይዞ ነው የሚመጣልኝ፣ ባለቤቱም እንዳንተ ሞተሩ ሞተ ብሎ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ እኛ 2,400 ገደማ ነን፣ እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየር ሲሳሳ ነዳጅ መጨመር ከሰል ሳታራግብ እንደመቆለል ነው፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ካርብሬተር ብታስተካክለውም የጎደለው አየር አይመለስም። የተስተካከለ ሞተር እንኳ ባህር ወለል ላይ ካለው ጉልበት አንተ ጋ አምስተኛውን ያህል፣ እኛ ጋ ደግሞ ሩቡን ያህል ያጣል። ስለዚህ ጉልበቷ ቀነሰ ያልከው ትክክል ነህ፣ ያንን ፍለጋ ብለህ ኒድሉን እየዘጋህ እንዳትሄድ፣ እዚህ ላይ ነው ሞተር የሚቃጠለው። ቴምፕ ጋኑም ይርዳህ እንጂ አታምልከው፣ ብርድ ላይ 215 የሚል ሞተር ውስጡ በነዳጅ ማነስ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮህንና ጭሱን አስቀድም።

ጉልበት ትንሽ መመለስ ከፈለክ ቴስታታው ስር ያለችውን ቀጭን ቀለበት፣ ሺም የምትሉትን፣ የ0.1 ሚሊሜትሯን አንዷን አውጣ። ጭመቱ ከፍ ይላል፣ ለሳሳ አየር የሚያስፈልገው እሱ ነው።


ፖቶማክ_ባጊ፦

ጋሼ የአየር ማፍሰሱን ነገር በጣም ጥሩ አርገው ነው ያስረዱት፣ እኔ ሳልጽፈው የቀረሁትን ነው የሞሉት። በሺሙ ግን እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። መጀመሪያ ባለ 30 ፐርሰንት ነዳጅ ይሞክር እላለሁ። ናይትሮሜቴን በውስጡ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ አየሩ ያጎደለውን እሱ በከፊል ይሸፍናል፣ ከፍታ ላይ የሚወዳደሩ ሰዎችም ናይትሮውን ከፍ የሚያረጉት ለዚህ ነው። ነዳጅ መቀየር ደግሞ ካልወደድከው ትመልሰዋለህ፣ ቴስታታ ሲፈታ ሲታሰር አንድ ብሎን ያለእኩል ከተጠበቀ ሌላ ጣጣ ነው። ወደ 30 ስትሄድ ላይኛውን ኒድል ትንሽ መልሰህ ክፈት፣ ናይትሮ የበዛበት ነዳጅ ለዚያው አየር ብዙ ሆኖ መግባት አለበት። ዘይቱንም ጣሳው ላይ አንብብ፣ ለአንተ ዓይነት ሞተር ዘይቱ በጣም ያነሰ የውድድር ነዳጅ አልመክርህም።


ሶማሌ_ተራ፦

ያ ጎበዝ ያለው ነዳጅ እዚያ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ለሚያገኝ ሰው ልክ ነው፣ እኔ የተናገርኩት ነዳጅ እንደልብ የማይመረጥበት አገር ሆኜ ነው። ልጁ ካለ ይሞክረው። ሁለቱን ባንድ ላይ ግን እንዳታረግ ልጄ፣ ሺም አውጥተህ 30 ፐርሰንት ከጨመርክ ነዳጁ ጊዜው ሳይደርስ ይፈነዳል፣ የካንዴላው ሽቦ ተጣሞ ወይ አመድ መስሎ ታገኘዋለህ፣ ከዛ የፒስተኑ አናት ይበሳሳል። ሺም ካወጣህ ደግሞ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘሃት ስትሄድ መልሰህ አስገባ፣ ኒድሉንም ሳትነሳ በፊት ክፈተው። ከታች ወደ ላይ ስትመጣ ዝም ብላ ትጨሳለች፣ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ግን ነዳጅ አንሷት ትቃጠላለች፣ ይህ ነው አደገኛው።


ዱባይ_አሸዋ፦

እኔ ደግሞ ከሌላኛው ጫፍ ልናገር፣ እዚህ ከፍታ የለም ግን ሙቀትና አሸዋ አለ። ሙቅ አየርም ይሳሳል ስለዚህ ሰመር ላይ እኛም ትንሽ እንዘጋለን፣ ጠዋት አንድ ዓይነት ነው እኩለ ቀን ሌላ፣ ብቻ እዚህ ሞተሩ ራሱ ቶሎ ስለሚግል ሁሉም ሰው ትንሽ ነዳጅ በዛ አርጎ መንዳቱን ይመርጣል። አንተ ጋ ክረምት ሲገባ ተቃራኒው ነው፣ ብርድ አየር ወፍራም ነው፣ ትንሽ መክፈት ሊኖርብህ ነው፣ እና ቴስታታው አልሞቅ ካለ ክንፎቹ ላይ ፎይል ጠቅልልለት፣ ከመነሳትህ በፊት ደግሞ በጸጉር ማድረቂያ አሙቀው። ያ ጠባብ ስሊቭ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሰራ ነው ፒስተኑን የሚፍቀው፣ ነዳጅ በዝቶባት በ170 መሮጧም ለሞተሩ እረፍት አይደለም።

ማንም ያላነሳውን ነገር ላንሳ፣ ፊልትሮ። የናይትሮ ሞተር በጣም ብዙ የሚሞተው በአቧራ ነው። ፊልትሮው ስፖንጅ ስለሆነ ደረቅ ከሆነ ምንም አይዝም፣ የፊልትሮ ዘይት አፍስሰህበት በፌስታል ውስጥ አርገህ በደንብ እሸው፣ ቀለሙ ሁሉም ጋ እኩል እስኪሆን። ከነዳህ በኋላ በየጊዜው አውጥተህ እጠበው፣ ትርፍ ይኑርህና አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ትጠቀማለህ። ፊልትሮውን የሚይዘውን አንገት በዚፕ ታይ እሰረው፣ ስትገለበጥ ወልቆ እዚያው አንድ ደቂቃ አሸዋ ከሳበች ፒስተኑ አለቀ በለው። የኮሎራዶ ደረቅ አፈርም ቀላል እንዳይመስልህ።

ነድተህ ስትጨርስ ደግሞ እንዲሁ አታስቀምጣት። ሜታኖል ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ያ ውሃ ኩሽኔታዎቹን ነው የሚያዝገው። ማጠራቀሚያውን ባዶ አርግ፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አስነስተህ አቃጥለው እስኪጠፋ፣ ከዛ በካንዴላው ቀዳዳና በካርብሬተሩ ጥቂት ጠብታ አፍተር ራን ኦይል (ከነዱ በኋላ ሞተር ውስጥ የሚጨመር መከላከያ ዘይት) ጣል አርገህ አሽከርክራት፣ ፒስተኑን ታች አርገህ አስቀምጥ። ላይ ጠባቡ ቦታ ላይ ትተኸው ከቀዘቀዘ ተጣብቆ ያድርና በሚቀጥለው ቀን ገመድ ትበጥሳለህ። የነዳጁንም ጣሳ አጥብቀህ ዝጋ፣ ፀሐይ ላይ አትተወው፣ ግማሽ ሆኖ ብዙ ወር የተከፈተ ነዳጅ ለኔ የለም ማለት ነው።


ነርስ_ዳላስ፦

ይቅርታ እኔ ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም፣ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ግን ድንገተኛ ክፍል ነው የምሰራው፣ ልጆች አሉ ስትል ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ያ ነዳጅ አብዛኛው ሜታኖል ነው። ትንሽ መጠን ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ሲያልፍ ይገድላል። ቀለሙም ሮዝ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚሸጥ ለልጅ ዓይን ጁስ ነው የሚመስለው። እባካችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አታስቀምጡ፣ ለዛሬ ብቻ ብላችሁም ቢሆን፣ ከራሱ ጣሳ አይውጣ፣ ከፍ ያለ የተቆለፈ ቦታ ይሁን። አንድ ልጅ ቀመሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደህና መስሎ እየተጫወተ ቢሆንም ቶሎ ውሰዱት፣ መርዙ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ሰዓት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ደግሞ ቶሎ ከተጀመረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ የፖይዝን ኮንትሮል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፣ ቀን ሌሊት ይሰራል።

በቆዳም ይገባል፣ ስለዚህ ስትቀዱ ጓንት አርጉ፣ እጃችሁ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ታጠቡ። ጋራዥ ዘግታችሁ ውስጥ አታስነሱ። እሳቱም ቀን ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፣ መኪናዋ ላይ ምንም ነበልባል ሳታዩ ልትነድ ትችላለች፣ ባለቤቴ ሲነዳ ውሃና እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ነው የሚያስቀምጠው።


አውሮራ_ናይትሮ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጣሳውን ዛሬውኑ ነው የተቆለፈ ቁምሳጥን ውስጥ ያስገባሁት፣ የኔ ትንሹ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ነው ወደ አፉ የሚወስደው።

ጋሼ እርስዎ እንዳሉት ሞተሩን አውጥቼ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ አረፋው የወጣው ከካርብሬተሩ ስር ነው። የጎማዋ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃለች። አዲስ አስገባሁ፣ ቱቦዎቹንም ሁሉ ቀየርኩ፣ አሁን ጋዙን ስለቅ ሚኒሞው ወዲያው ነው የሚወርደው፣ ስቆነጥጠውም 3 ሴኮንድ ገደማ ቆይታ ትጠፋለች። ላይኛውን ትንሽ መልሼ ከፍቼ 225 ላይ ነች፣ ጭሷም አለ። ሺሙን አልነካሁም፣ 30 ፐርሰንቱን ገዝቻለሁ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ነገርስ? ማንም አልመለሰልኝም።


ሶማሌ_ተራ፦

እሰይ ልጄ። ቀለበቷን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል።

ናይትሮ መኪና ለልጁ አታምጣለት። ነዳጁ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣም በሚጫነው ሻንጣም አይፈቀድም፣ ያንተ መኪና ማጠራቀሚያዋ ባዶ ሆኖም ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተች ሊያስቀሩብህ ይችላሉ። እሺ መኪናዋ ደረሰች እንበል፣ እዚህ ልጁ በየሳምንቱ ያንን ነዳጅ ከየት ያመጣል? አንዳንዱ ልጅ ሜታኖል ከኬሚካል ሱቅ ገዝቼ ዘይት ጨምሬ እቀላቅላለሁ ይላል፣ እቺ እህታችን የጻፈችውን ካነበብክ በኋላ ያንን ለልጅ እጅ ትሰጣለህ?

ኤሌክትሪክ አምጣለት፣ ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው የኤሌክትሪክ ሞተር) ያለውን። ባትሪ አየር አይተነፍስም፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ወስዶ ቢነዳት ጉልበቷ ያው ነው፣ ይህ ሁሉ እኛ ያወራነው ጣጣ የለበትም። አየሩ ስለሳሳ ሞተሩና ስፒድ ኮንትሮሉ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) የሚቀዘቅዙት ዝግ ብለው ነው፣ ስለዚህ ባትሪ በላይ በላይ እንዳይቀያይር፣ መሀል ላይ ያሳርፋት በለው።


ፖቶማክ_ባጊ፦

ጋሼ ባሉት ነገር እስማማለሁ፣ ናይትሮን እንደኔ የሚወድ ሰው የለም ግን ለልጁ ኤሌክትሪክ ነው። የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዎቹን በእጅህ ሻንጣ ነው የምትይዘው፣ በሚጫነው ውስጥ አታስገባ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍነህ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አርግ። እስከ 100 ዋት አወር የሆነ ይፈቀዳል፣ ለማወቅ ቮልቱን በአምፕ አወሩ ታበዛለህ፣ ለምሳሌ ባለ 7.4 ቮልት 5,000 ሚሊአምፕ 37 ነው፣ በቂ ነው። ሞልተህ ሳይሆን ግማሽ አርገህ ያዘው።

ያንተን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ፌልሴፍ (ሲግናል ሲጠፋ መኪናዋን የሚያቆመውን) አስተካክለሃል? አሁን መኪናዋ ጉልበቷ ተመልሷል፣ ልጆችም አጠገብህ ቆመው ያያሉ። የናይትሮ መኪና ሪሲቨሯ (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው) ባትሪ ካለቀባት ወይ ሲግናል ካጣች ጋዙ ባለበት ቆሞ ይቀራል፣ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ ነገር ሰው እግር ላይ ነው የሚሄደው። ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ሪሲቨሩን አብራ፣ ጋዙን ትንሽ ሳብ አርግ፣ ከዛ ሪሞቱን አጥፋው። ሰርቮው (ጋዝና ፍሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ወደ ፍሬን ካልሄደ ሪሲቨሩ ላይ እንደገና ሴት አርገው። ካርብሬተሩ ላይም የመመለሻ ስፕሪንጉ መኖሩን እይ፣ ከሌለ ጎማ ላስቲክም ቢሆን እሰርበት፣ ሰርቮው ራሱ ቢሞት ጋዙን የሚዘጋልህ እሱ ነው። ሪሲቨር ባትሪውን ደግሞ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር አትመለከተው ይሆናል፣ እኔ ለመንዳት ከቤት ሳልወጣ በፊት ነው ሞልቼ የምለካው። 30 ፐርሰንቱን ከሞከርክ በኋላ የካንዴላውን ሽቦ ፎቶ አንስተህ እዚህ ጣልልን፣ አይተን እንነግርሃለን።